ከ212 ገጽ 31 ብቻ፦ ገጾቼን ወደ ፍለጋ የመመለስ ማስታወሻ

መነሻ

ድረ ገጹ ስለ ስፌት መኪና ጥገና ነው። 212 ጽሑፍ አለው፤ ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን ሥራ ከመጀመሬ ሁለት ወር በፊት ከድሮው ሲስተም ወደ አዲስ አዛወርኩት። ከዝውውሩ በፊት 180 ገደማው ጎግል ላይ ይገኝ ነበር። ሰርች ኮንሶልን፣ ማለትም ጎግል ገጾችህን እንዴት እንደሚያይ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ የከፈትኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ኢንዴክስ (የጎግል የገጾች መዝገብ) ውስጥ የገባው 19 ነው ይላል።

ደነገጥኩ። ረጋ ብዬ ሳየው ግን ሰርች ኮንሶል ላይ ያስመዘገብኩት በሦስቱ ዳብልዩ የሚጀምረውን አድራሻ ብቻ ነው። አዲሱ ድረ ገጽ ደግሞ ያለ እነሱ ነው የሚሠራው። ዶሜይኑን በሙሉ በዲኤንኤስ (የዶሜይን ስሞች ማውጫ)፣ በቲኤክስቲ መዝገብ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ እንደገና አስገባሁት። በዚህ መንገድ ሲመዘገብ ኤችቲቲፒውም ኤችቲቲፒኤሱም፣ ንዑስ ዶሜይኖቹም አንድ ላይ ይቆጠራሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትክክለኛው ቁጥር መጣ፦ 31።

ፍለጋው ላይ «ሳይት» ብሎ አድራሻውን በማስከተል መቁጠር የለመድኩት ነገር ነበር። ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጠኝ። ግምት ነው እንጂ ቆጠራ አይደለም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ቁጥር ሁሉ ከሰርች ኮንሶል ሪፖርት ነው።

መሣሪያዎቼ፦ ሰርች ኮንሶል፣ የሰርቨሩ ሎግ (ማን የትኛውን ገጽ እንደጠየቀ የሚይዝ መዝገብ)፣ ከርል የምትባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም እና አንድ ስፕሬድሺት። ገንዘብ አላወጣሁም። የሚወጣው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን እመዘግባለሁ።

ሳምንት 1፦ በሩን የቆለፍኩት ራሴ ነኝ

መጀመሪያ ያየሁት ሮቦትስ ፋይሉን ነው፤ ለፍለጋ ቦቶች (ገጾችን እየዞሩ ለሚያነቡ ፕሮግራሞች) የት መግባት እንደሚችሉ የሚነግር ፋይል ነው። ሁለት መስመር ብቻ አለው። ሁለተኛው «ዲስአላው፡ /» ይላል። ማንም ቦት ምንም ገጽ እንዳይነካ ማለት ነው።

የጻፍኩት እኔው ነኝ። አዲሱን ሲስተም በሙከራ አድራሻ ላይ ስሠራ ግማሽ የተሠራ ገጽ ፍለጋ ላይ እንዳይወጣ ብዬ ነበር። ከዚያ ሙሉውን ፎልደር ወደ ዋናው ሰርቨር ስገለብጥ ፋይሉ አብሮ ተጓዘ። ሁለት ወር ሙሉ በሩን ቆልፌ እንግዳ ጠፋ እያልኩ ሳማርር ነበር ማለት ነው።

መስመሩን አጠፋሁት። ጎግል ይህን ፋይል ብዙውን ጊዜ እስከ 24 ሰዓት ኬሽ አድርጎ (ቅጂውን አስቀምጦ) ስለሚይዝ እስከ ማግስቱ ጠበቅኩ።

ከዚያ ነው ጉዱ የመጣው። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ ከ31 ወደ 22 ወረደ። ሳስተካክለው ባሰበት!

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሮቦትስ ፋይል የሚከለክለው ቦቱ ገብቶ እንዳያነብ ነው፤ አድራሻው ኢንዴክስ ውስጥ እንዳይኖር አይደለም። የቀሩት 31 ገጾች ሪፖርቱ ላይ «ታግዷል፣ ግን ኢንዴክስ ውስጥ አለ» የሚል ምልክት ነበራቸው። እገዳውን ሳነሳ ቦቱ ገባ፤ ሲገባ ሁለተኛ ክልከላ አገኘ። ኖኢንዴክስ። «ይህን ገጽ ኢንዴክስ ውስጥ አታስገባ» የሚል ትእዛዝ ነው። እስከዚያ ድረስ ገጹን ስለማያነብ ኖኢንዴክሱንም አያየውም ነበር። በሩን የከፈትኩለት «አትምጣ» የሚለውን ወረቀት እንዲያነብ ነው።

ኖኢንዴክሱን በገጹ ሶርስ ኮድ ውስጥ ፈለግኩት። የለም። ቴምፕሌቱን (የገጾቹን የጋራ አብነት) ፋይል በፋይል አየሁት። የለም። ሁለት ምሽት ሄደ። በመጨረሻ ከርልን «ሄደሩን ብቻ አሳየኝ» በሚለው አማራጭ ስጠራው ወጣ፦ ኤክስ-ሮቦትስ-ታግ። በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨሩ ከገጹ ጋር በሚልከው ሄደር ውስጥ ነው የተቀመጠው። ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ፣ ለዚያው ሙከራ። ሁለት መቆለፊያ አድርጌ ሁለቱንም ረስቻለሁ።

የሰርቨሩ ኮንፊግ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ተሰረዘ። ጠቅላላ ሰዓት፦ 9። የተሰረዘው ጽሑፍ፦ ሁለት መስመር።

ለራሴ የያዝኩት ማስታወሻ፦ ሙከራ ላይ ያለን ድረ ገጽ በፓስዎርድ መዝጋት ይሻላል። ፓስዎርዱን ማንሳት ረስተህ ብትገለብጠው ማግስቱን ሰው ጮሆ ይነግርሃል። ኖኢንዴክስ ግን ድምፅ የለውም።

ሳምንት 2፦ ሳይትማፕ

ቁጥሩ ወደ 40 ወጣ። እየተመለሰ ነው፣ ግን ዘገምተኛ ነው። ሳይትማፑን፣ ለፍለጋ የምሰጠውን የገጾቼን አድራሻ ዝርዝር፣ ላየው ከፈትኩት። 640 አድራሻ አለበት። ጽሑፎቼ 212 ናቸው!

ትርፉ ምንድን ነው? የመለያ ገጾች፣ የወር ማኅደሮች፣ የእያንዳንዱ ፎቶ የብቻ ገጽ፣ ወደ ሌላ የሚያዛውሩ የድሮ አድራሻዎች። ሲስተሙ ያገኘውን ሁሉ ይጨምራል። አንድ ሳይትማፕ እስከ 50,000 አድራሻ መያዝ ስለሚችል ከገደቡ ጋር ችግር የለብኝም። ችግሩ ዝርዝሩ ውሸት መሆኑ ነው። ኢንዴክስ እንዲገባልኝ የምፈልገውን ብቻ ነው ማስገባት ያለብኝ፤ 200 ኮድ («ገጹ አለ») የሚመልስ፣ ኖኢንዴክስ የሌለው፣ ካኖኒካሉ («ዋናው አድራሻ ይህ ነው» የሚለው ምልክት) ራሱን የሚያመለክት። 212 ላይ አወረድኩት።

ሌላ ስህተት፦ «መጨረሻ የተሻሻለበት» የሚለው ቀን ለሁሉም ገጽ አንድ ነው። ሲስተሙ ድረ ገጹን በገነባ ቁጥር ሁሉንም በዛሬ ቀን ይሞላዋል። ጎግል ይህን ቀን የሚጠቀምበት በተከታታይ እውነት ሆኖ ካገኘው ነው። ሁሌ «ዛሬ» የሚል ቀን በተረቱ ያለው እረኛ «ቀበሮ መጣ» እንዳለው ይሆናል፤ አንድ ቀን እውነት ሲሆን የሚሰማው የለም። ቀኑን ከጽሑፉ እውነተኛ የለውጥ ታሪክ እንዲወስድ አደረግኩት። «ቅድሚያ» እና «የለውጥ ድግግሞሽ» የሚባሉትን ሁለት መስኮች ደግሞ ጭራሽ አወጣኋቸው። ጎግል አይመለከታቸውም። እኔ ግን ድሮ ለእያንዳንዱ ገጽ 0.8 ይሁን 0.7 እያልኩ ስጨነቅባቸው ነበር።

አንድ ምሽት ደግሞ በከንቱ ሄደ። የድሮ መመሪያ ይዤ ሳይትማፕ በተቀየረ ቁጥር ለጎግል «ፒንግ» የሚያደርግ («ተቀይሯል» ብሎ የሚያሳውቅ) ስክሪፕት ጻፍኩ። አይሠራም። ጎግል ያንን አገልግሎት ሊያቆም መሆኑን ያስታወቀው በ2023 ነው። አሁን ሳይትማፑ ያለበትን አድራሻ ሮቦትስ ፋይሉ ውስጥ ጻፍኩ፣ አንዴ በሰርች ኮንሶል አስገባሁ፣ በቃ። 6 ሰዓት።

ሳምንት 3፦ ሪዳይሬክት

74 ደረስን።

ሎጉን ከፈትኩ። የጎግል ቦት በብዛት የሚጠይቀው የድሮዎቹን አድራሻዎች ነው። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የሚያውቃቸው እነሱን ነው። ሰዎች ባለፉት ዓመታት ሊንክ ያደረጉትም ወደ እነሱ ነው። እኔ ሳዛውር ለእነዚህ ምን አደረግኩ? ሁሉንም፣ ያለ ልዩነት፣ ወደ መነሻ ገጽ 301 (በቋሚነት ወደ ሌላ አድራሻ የሚያዛውር ሪዳይሬክት) አድርጌያቸዋለሁ። አንድ መስመር ነበር የፈጀብኝ፤ ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ስለ መርፌ አሰካክ የሚፈልግ ሰው መነሻ ገጽ ላይ ሲጣል ምን ያደርጋል? ይወጣል። ጎግልም እንዲህ ዓይነቱን «ሶፍት 404» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ማለትም «ገጹ የለም፣ ግን የለም አይልም»። የድሮው ገጽ ያፈራው ነገር ወደ አዲሱ አይሻገርም።

ስፕሬድሺት ከፈትኩ። በግራ የድሮ አድራሻ፣ በቀኝ አዲሱ። አንድ በአንድ። 150ዎቹን በርዕስ በማመሳሰል ስክሪፕት ሠራልኝ። የቀሩትን በእጅ ነው የሠራሁት፤ ምክንያቱም ርዕሳቸውን ሳዛውር «አሳምሬያለሁ»። ለምሳሌ «ክር ሲበጠስ» የሚለው «የክር መበጠስ ሰባት ምክንያቶች» ሆኗል። 11 ሰዓት ፈጀ። ከዚህ ሁሉ ሥራ አሰልቺው ይህ ነበር፤ ከጠቀሙኝ ሁለት ሥራዎችም አንዱ ነው።

ስሠራ ሰንሰለት አገኘሁ። ከኤችቲቲፒ ወደ ኤችቲቲፒኤስ፣ ከዚያ ሦስቱን ዳብልዩ ወደ ማውጣት፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ እዝባር ወደ መጨመር፣ ከዚያ ወደ አዲሱ አድራሻ። አራት ዝላይ ለአንድ ገጽ። ሁሉንም ወደ አንድ ዝላይ አሳጠርኩት። ሪዳይሬክቶቹን ቢያንስ ለአንድ ዓመት ማቆየት ነው የሚመከረው። እኔ ላጠፋቸው አላሰብኩም። ቦታ አይበሉም።

ሳምንት 4፦ ካኖኒካል እና የፊደል ጣጣ

96። ግን 23 ገጾች «የተባዛ» ተብለው ውጭ ቀርተዋል። የተባዛ ነገር እንደሌለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። አልነበርኩም።

አንደኛው ቀላል ነው። ቴምፕሌቱ ካኖኒካል የሚጽፈው የገጹን «ቋሚ አድራሻ» ከሚለው መስክ ነው። መስኩ ባዶ ከሆነ የድረ ገጹን መነሻ አድራሻ ይጽፋል። 14 ጽሑፎች ላይ ባዶ ነበር። ስለዚህ 14 ጽሑፎች «ዋናው እኔ አይደለሁም፣ መነሻ ገጹ ነው» ሲሉ ከርመዋል። ካኖኒካል ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ጎግል ሊቀበለውም ላይቀበለውም ይችላል። የሰርች ኮንሶል አድራሻ መመርመሪያ ሁለቱንም ለየብቻ ያሳያል፦ እኔ የጠቆምኩትን እና ጎግል የመረጠውን። ሁለቱ ሲለያዩ ማንበብ ያለብህ ሁለተኛውን ነው። ቴምፕሌቱን አስተካከልኩ፤ ባዶ ከሆነ የራሱን አድራሻ ይጽፋል።

ሁለተኛው የእኛው ጣጣ ነው። «ድምፅ» የሚል መለያ አለኝ፣ መኪናው ሲንኳኳ ለሚለው ርዕስ። «ድምጽ» የሚልም አለኝ። «ስፌት» አለ፣ «ሥፌት» አለ። «ኃይል» እና «ሀይል»። ለዓይናችን አንድ ቃል ነው። ለኮምፒዩተር ግን የተለያየ ቁምፊ ነው፤ ስለዚህ የተለያየ አድራሻ፣ የተለያየ ገጽ፣ አንድ ዓይነት ይዘት። በተለያየ ቀን በተለያየ ስሜት የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሰባት ጥንድ አገኘሁ። አንዱን አጻጻፍ መርጬ ሌላውን 301 አደረግኩ። ሲስተሙ ውስጥም አዲስ መለያ ሲጻፍ ፀን ከጸ፣ ሠን ከሰ፣ ኀን እና ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ጋር አንድ አድርጎ የሚያወዳድር ትንሽ ማጣሪያ ጨመርኩ። ለማወዳደር ብቻ ነው እንጂ ጽሑፉን አይነካም። የሰው አጻጻፍ ላይ ጠብ መፍጠር አልፈልግም።

ሦስተኛው ደግሞ የአድራሻ ርዝመት። አድራሻዎቼ በአማርኛ ፊደል ናቸው። ጎግል ይቀበላቸዋል፤ በዚህ በኩል ችግር የለም። ግን ዩቲኤፍ-8 ላይ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ አድራሻው ሲገለበጥ እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክት ሦስት ቁምፊ ይሆናል። አንድ ፊደል 9 ቁምፊ! 30 ፊደል ያለው ርዕስ 270 ቁምፊ ሆኖ ይለጠፋል። ሰው ሲልከው ተቆርጦ ይደርሳል፣ የተቆረጠው 404 ይሆናል። ሎጉ ውስጥ እንዲህ የተቆረጡ አድራሻዎችን ቆጥሬ ተውኩት፣ ብዙ ናቸው። ሁሉንም ልቀይር አሰብኩ። ከዚያ ያለፈው ሳምንት 11 ሰዓት ትዝ አለኝ። የነበሩት እንዳሉ ይቆዩ፤ አዲሶቹ ከሦስት ቃል አይበልጡም።

8 ሰዓት።

ሳምንት 5 እና 6፦ የተነበቡ ግን ያልገቡ

ይህ ክፍል ያናድዳል። 58 ገጾች «ክሮውል ተደርጓል፣ ለጊዜው ኢንዴክስ አልተደረገም» በሚለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ቦቱ መጥቷል። አንብቧል። ሄዷል። አልወሰደም። ስህተት የሚባል ነገር አልተጻፈም። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ደግሞ ተስፋ ይሰጥሃል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ማንም የሚያደርገውን ነው። እያንዳንዱን አድራሻ አስገብቼ «ኢንዴክስ ይደረግ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። የቀን ገደብ አለው። ገደቡ እስኪያልቅ ተጫንኩ። ማግስቱም። ከአሥር ቀን በኋላ ሦስት ገባ፣ ከሳምንት በኋላ ከሦስቱ ሁለቱ ወጣ። ቁልፉ «ና እና እይ» ይላል እንጂ «ውሰድ» አይልም። አይቶት ያልወሰደውን ደግመህ ብታሳየው ያው ነው።

ከዚያ 58ቱን ከፍቼ አነበብኳቸው። እንደ ባለቤት ሳይሆን መኪናው ተበላሽቶበት እንደመጣ ሰው። አብዛኞቹ አንድ ፎቶ እና ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው። «የዚህ ሞዴል ቺንጋ ይህን ይመስላል። ሲላላ ይቀየራል።» ቀጣዩ ሞዴል፣ ያው ዓረፍተ ነገር፣ ሌላ ፎቶ። እኔ በዘመኔ ስንት ሞዴል እንደነካሁ ለማሳየት የሠራኋቸው ናቸው። ለአንባቢ የሚሰጡት ነገር የለም። ጎግል ቢወስዳቸው ነበር የሚገርመኝ።

46ቱን ወደ 9 ገጽ አዋሃድኳቸው። ስለ ቺንጋ አንድ ረጅም ገጽ፣ ሞዴሎቹ ሁሉ በውስጡ። ስለ ፔዳል አንድ። የድሮዎቹ አድራሻዎች ወደ ተዋሃደው 301። 8ቱን ጭራሽ አጠፋሁ፤ እነዚህ 410 ይመልሳሉ፣ «ነበረ፣ ሆን ተብሎ ተወግዷል» ማለት ነው። 404 ቢሆንም ለጎግል ብዙ ልዩነት የለውም፤ 410 የመረጥኩት ለራሴ ነው፣ ሎግ ሳነብ ሆን ብዬ ያጠፋሁትን ከጠፋብኝ ለመለየት። 4ቱን እንደገና ጻፍኳቸው።

አሁን ጠቅላላ 167 ጽሑፍ አለኝ። 45 ገጽ ቀነሰ። የራስን ጽሑፍ ማጥፋት ያማል፤ አንዱን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ መልሼዋለሁ። 22 ሰዓት፣ ግማሹ ሐዘን ነው።

ሳምንት 7፦ «ተጨማሪ» የሚለው ቁልፍ

ከ167 ውስጥ 109 ገብቷል። አሁን ትልቁ ክምር «ተገኝቷል፣ ለጊዜው ኢንዴክስ አልተደረገም» ነው። ካለፈው ይለያል። አድራሻውን ያውቃል፣ ግን ገና አልመጣም።

በየቦታው «የክሮውል በጀት» (ቦቱ ለአንድ ድረ ገጽ የሚመድበው የንባብ መጠን) የሚባል ነገር ሳነብ ከርሜያለሁ። የጎግል መመሪያ ራሱ ይህ የሚያሳስበው ሚሊዮን ገጽ ላላቸው፣ ወይም አሥር ሺህ ገጽ ኖሯቸው በየቀኑ ለሚቀያየር ድረ ገጾች ነው ይላል። ለ167 ገጽ በጀት ማማረር ቀልድ ነው። ታዲያ ለምን አይመጣም?

ስፕሬድሺቱ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ ወደዚህ ገጽ ከራሴ ድረ ገጽ ስንት ሊንክ አለ? መልሱ ለ50 ገደማ ገጽ ዜሮ ነው። ዜሮ! ያሉት ሳይትማፑ ውስጥ ብቻ ነው።

ምክንያቱ አዲሱ ዲዛይን ነው። የዝርዝር ገጹ 12 ጽሑፍ ያሳይና ከታች «ተጨማሪ አሳይ» የሚል ቁልፍ አለ። ቁልፉ ጃቫስክሪፕት ነው። ሰው ሲጫነው ቀጣዮቹ 12 ይመጣሉ። ጎግል ጃቫስክሪፕት ያስኬዳል፣ ይህ እውነት ነው። ግን ቁልፍ አይጫንም። የሚከተለው እውነተኛ አድራሻ ያለውን ሊንክ ነው። ስለዚህ ለቦቱ ከ12ኛው ጽሑፍ በኋላ ዓለም የለችም።

ቁልፉን አውጥቼ ገጽ 1፣ ገጽ 2፣ ገጽ 3 የሚል ተራ ሊንክ አደረግኩ። አያምርም። ይሠራል። ከዚያ ደግሞ በየጽሑፉ ውስጥ በእጅ ሊንክ ጨመርኩ፤ ስለ ክር መበጠስ ሳወራ ስለ መርፌ አሰካክ ወዳለው፣ ከዚያ ስለ ክር ውጥረት ወዳለው። ከታች «ተዛማጅ» ብሎ በራሱ የሚሞላ ሳጥን ነበረኝ፣ እሱን አጠፋሁት፤ ሁሌ አንድ ዓይነት አምስት ጽሑፍ ነበር የሚያመጣው።

በአምስተኛው ቀን ሎጉ ተቀየረ። ቦቱ ከዚህ በፊት ያልነካቸውን ገጾች መጠየቅ ጀመረ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ109 ወደ 141። ከሪዳይሬክቱ ጋር ሁለቱ ናቸው ድረ ገጹን ያዳኑት። 7 ሰዓት ብቻ።

ሎግ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነገር፦ «እኔ ጎግል ቦት ነኝ» የሚል ሁሉ ጎግል ቦት አይደለም። ስሙን ማንም መጻፍ ይችላል። አይፒውን በተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ ፈልጎ ስሙ በጎግል ዶሜይን የሚያልቅ መሆኑን ማየት፣ ከዚያ ስሙን መልሶ ወደ አይፒ መፍታት ነው። ሳጣራ ወደ ሲሶ የሚጠጋው አስመሳይ ነው። ያለፉት ሳምንታት ቆጠራዬ የተጋነነ ነበር ማለት ነው።

ሳምንት 8፦ ሆስቲንግ

አንድ ቀን ጠዋት ሰርች ኮንሶል ላይ የክሮውል ግራፉ ወደ ታች ተወርውሯል። ገጾቹ ለእኔ ይከፈታሉ። ሮቦትስ ፋይሉ ግን 500 ስህተት ይመልሳል፣ አንዳንዴ ብቻ።

ይህ ሊናቅ አይገባም። ሮቦትስ ፋይል 404 ከመለሰ ጎግል «ክልከላ የለም» ብሎ ይቀጥላል። 500 ከመለሰ ግን «ምናልባት ተከልክያለሁ» ብሎ ይቆማል። ጨዋነት ነው እንግዲህ። ሆስቲንግ ድርጅቱ ያስገባው አዲስ የቦት መከላከያ ነበር ጥፋተኛው፤ ብዙ ጥያቄ በአንዴ ሲመጣ ማንንም ሳይለይ ስህተት ይመልሳል። ጻፍኩላቸው። «ከእኛ ዘንድ ችግር የለም» አሉኝ። ሎጉን በሰዓት በሰዓት አስደግፌ ላክሁ። ሁለት ቀን ዝም፣ ከዚያ ተስተካከለ። ምን እንደነካኩ አልነገሩኝም።

ለራሴ ጥገና ሳደርግ እስከ ዛሬ «ይቅርታ፣ በጥገና ላይ ነን» የሚል ገጽ በ200 ኮድ ነበር የማሳየው። ያ ማለት ጎግል የገጹን ይዘት «ይቅርታ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። አሁን 503 («ለጊዜው አልገኝም») ይመልሳል። ለአጭር ጊዜ ብቻ ግን፤ ለቀናት ከቆየ ገጾች መውጣት ይጀምራሉ።

ሳምንት 9፦ ሌሎቹ

ቢንግን ረስቼው ነበር። የራሱ የዌብማስተር መሣሪያ አለው፤ ከሰርች ኮንሶል በቀጥታ መረጃ ያስገባል፣ አምስት ደቂቃ። ዳክዳክጎም ውጤቱን በብዛት ከቢንግ ስለሚወስድ አንድ ሥራ ለሁለት።

ኢንዴክስናውን ሞከርኩት። በ2021 ማይክሮሶፍት ቢንግ እና ያንዴክስ ያወጡት ነው። አንድ የቁልፍ ፋይል ሰርቨርህ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ገጽ ሲቀየር አድራሻውን ትልካለህ። የእኔ ስክሪፕት 20 መስመር አይሞላም። የሳምንት 2ቱ የከሸፈ የፒንግ ስክሪፕት እዚህ ጥቅም ላይ ዋለ፤ አድራሻውን ብቻ ነው የቀየርኩት። ጎግል በዚህ አይጠቀምም። ጎግል የራሱ ኢንዴክሲንግ ኤፒአይ (አድራሻ በፕሮግራም መላኪያ) አለው፣ ግን የሥራ ማስታወቂያ እና የቀጥታ ስርጭት ቪዲዮ ላላቸው ገጾች ብቻ ነው የተፈቀደው። ለሌላ ገጽ ተጠቀሙበት የሚሉ አሉ። አልነካሁትም።

ሳምንት 10 እስከ 12፦ መግባት እና መታየት

152 ገብቷል። አሁን ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ገብቶ ማንም ካላየውስ?

የአፈጻጸም ሪፖርቱ የ16 ወር መረጃ ይይዛል፤ ስለዚህ ከዝውውሩ በፊት የነበረውን ማነጻጸር ቻልኩ። የጥያቄዎቹን ዝርዝር አወረድኩ። ድምሩ ከጠቅላላው ጋር አይገጥምም፤ ጥቂት ሰው ብቻ የጠየቃቸው ጥያቄዎች ለግላዊነት ሲባል አይታዩም። በአማርኛ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም አንዱን ጥያቄ በአምስት ዓይነት እንጽፈዋለን። «የስፌት መኪና»፣ «የልብስ ስፌት ማሽን»፣ «የልብስ መስፊያ»፣ ሲጨመርበት «ሲንጀር ጥገና»። የእኔ ርዕሶች ሁሉ «የስፌት መኪና» ብቻ ነው የሚሉት። ሰው «ማሽን» ብሎ ሲፈልግ አልመጣም ነበር።

ርዕሱ ውስጥ ሁሉንም መደርደር አስቀያሚ ነው፣ ሞከርኩት፣ የቃላት ገበያ መሰለ። አጠፋሁት። አሁን ርዕሱ አንዱን ይይዛል፣ የመጀመሪያው አንቀጽ ሌላውን በተፈጥሮ ያነሳል። በሁለት ፊደል ሊጻፍ የሚችል ቃል ሲሆን ጽሑፉን አላመሰቃቅልም፤ አንድ አጻጻፍ ይበቃል።

አምስት ገጾች ፍለጋ ላይ ብዙ ታይተው የተጫናቸው ግን ጥቂት ሰው ነበር። ርዕሳቸው ሁሉ በድረ ገጹ ስም ይጀምራል፤ ጠቃሚው ቃል መጨረሻ ላይ ሆኖ ይቆረጣል። ገለበጥኩት። ሦስቱ ተሻሻሉ፣ ሁለቱ ንቅንቅ አላሉም።

ሌላ የተደበቀ ጉዳት አገኘሁ። ቴምፕሌቱ በስልክ ላይ ሰንጠረዦችን ያስወግዳቸዋል፣ ቦታ ለመቆጠብ። የመርፌ ቁጥር እና የጨርቅ ዓይነት ሰንጠረዥ የዚያ ገጽ ሙሉ ጥቅም ነው። ጎግል የሚያነበው ደግሞ የስልኩን ቅጂ ነው፤ ለእሱ ሰንጠረዡ አልነበረም። እኔ ሁሌ የማየው በላፕቶፕ ስለሆነ አላስተዋልኩም። አሁን ሰንጠረዡ በስልክ ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ሳምንት 14፦ ጠባቂ

ቴምፕሌቱን አፕዴት አደረግኩ። በሦስተኛው ቀን ሪፖርቱን ስከፍት ካኖኒካሉ እንደገና ተበላሽቷል። አፕዴቱ ማስተካከያዬን ደምስሶታል። ጥቂት ገጾች ወጡ፣ ቶሎ ስለያዝኩት ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የሚሮጥ ስክሪፕት አለኝ። ሳይትማፑን ያነባል፣ እያንዳንዱን አድራሻ ይጠይቃል፣ አራት ነገር ያያል፦ 200 መለሰ ወይ፣ በሄደሩም በገጹም ኖኢንዴክስ የለም ወይ፣ ካኖኒካሉ ራሱን ያመለክታል ወይ፣ ቢያንስ አንድ የውስጥ ሊንክ አለው ወይ። የሮቦትስ ፋይሉም ከተቀመጠው ቅጂ ከተለየ ኢሜይል ይልካል። ለመጻፍ 3 ሰዓት። እስካሁን ሁለት ጊዜ ቀስቅሶኛል፣ አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ እኔው ጽሑፍ ስቀይር።

ዛሬ

ከ167 ውስጥ 156። እስከ ዛሬ 78 ሰዓት ገደማ።

ውጭ ያሉት 11 ናቸው። አራቱ አዲስ ናቸው፣ ይጠበቃሉ። ስድስቱ አሁንም ደካማ ናቸው፣ አውቃለሁ፤ ሁለቱን ወደ ፔዳሉ ገጽ አዋህዳለሁ። አንዱ ግን ስለ ዘይት ነው፣ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ ስንት ጠብታ፣ ከፎቶ ጋር። ከጻፍኳቸው ሁሉ ምርጡ ነው ብዬ አስባለሁ። 200 ይመልሳል፣ ካኖኒካሉ ልክ ነው፣ ሰባት ሊንክ ወደ እሱ ይሄዳል። ጎግል ግን ዋናው ብሎ የመረጠው ስለ ጽዳት ያለውን ገጽ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ ሳነብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አንቀጾች ቃል በቃል አንድ ናቸው። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ነገ ከጽዳቱ ገጽ ላይ አወጣቸዋለሁ።

(በሚቀጥለው ማስታወሻ፦ ፎቶዎቹ። 900 ናቸው፣ አንዱም መግለጫ ጽሑፍ የለውም።)